ተመስገን ስንት ነው?

እኔ ባንተአምላክ በዕድሜዬ ብዙ ዋሽቻለሁ። ዓባይ ድልድይ ላይ ነፋስ ባርኔጣዬን ነጥቆኝ፣ በሦስተኛው ቀን ወሎ ገበያ ውስጥ አንድ ሰው ደፍቶት አገኘሁት ብያለሁ። ሰውየው አልመልስም ሲለኝ ባርኔጣው ራሱ ድምፄን ለይቶ ዘሎ መጣልኝ ብያለሁ። ቢቸና ውስጥ ይህን ወሬ ያልሰማ የለም፣ ያመነም የለም። እኔም እንዲያምኑኝ ብዬ አልነበረም። ሰው ሲስቅ ማየት እወዳለሁ፣ ሌላ ጥፋት የለብኝም። የለብኝም ነበር ልበል።

አሁን የማወራው ግን ከባርኔጣው ወገን አይደለም። እዚህ ውስጥ ያለችው ውሸት አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም በአፍ ያልተነገረች፣ በቁጥር የተጻፈች ናት።

ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ከዚያ በፊት ቅኔ ቤት ሞክሬ ነበር፤ የኔታ ሁለት ክረምት ታግሠውኝ "አንተ ልጅ፣ አፍህ ከራስህ ይቀድማል" ብለው መርቀው ሸኙኝ። የሆነ ሆኖ ማንበብና መጻፍ አላቃተኝምና በዩኒቨርሲቲው የቢቸና ቅርንጫፍ ተላላኪ ሆኜ ይኸው አሥር ዓመቴ ነው። ዋናው ቢሮ ያለው ሞጣ ነው። ደብዳቤ ከሞጣ ይመጣል፣ እኔ አደርሳለሁ። ፊደል ያልቆጠሩት ጽዳቶች፣ ጥበቃዎችና አትክልተኞች ደግሞ ወረቀት በመጣባቸው ቁጥር ወደ እኔ ይመጣሉ። ከልጆቻቸው የሚላከውንም ከቀበሌ የሚጻፈውንም የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ወይንእሸት ከነዚህ አንዷ ናት። የኬሚስትሪውን ላብራቶሪ የምታጸዳው እሷ ናት። ኅዳር ላይ የእቃ ማጠቢያውን ስትፈትግ ተማሪዎች ሳይደፉ የተዉት ፈሳሽ ግራ ዓይኗ ውስጥ ተረጨባት። በውኃ ታጠበችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗ ማልቀስ አላቆመም። ጓንትና መነጽር ይሰጣት፣ ካልሆነም ወደ ሌላ ክፍል ትዛወር የሚል ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ጽፌላታለሁ። የቅርንጫፋችን ዲን ሁለቱንም ጊዜ "ለሞጣ ተልኳል" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ፖስታውን መናኸሪያ ወስጄ ለሾፌር የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከሞጣ ግን ምንም አልተመለሰም።

"ሄደሽ አትነግሪያቸውም? አፍ የለሽም?" ስላት፣

"አያ ባንቴ፣ እኔ ኮንትራት ነኝ። በየሰኔው ነው የሚታደስልኝ። አፍ ያለው ኮንትራት አይታደስለትም" አለችኝ።

ጥር ላይ ከሞጣ አንድ ካርቶን ሙሉ ወረቀት መጣ። "የሠራተኞች ትጋትና ተነሳሽነት መለኪያ መጠይቅ" ይላል። ሃያ ጥያቄ ነው። ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ይከበባል፤ አንድ ማለት በፍጹም አልስማማም፣ አምስት ማለት እጅግ እስማማለሁ ነው። ስም አይጻፍበትም። ዲኑ ጠርተው "ማንበብ ለማይችሉት አንተ አንብበህ ሙላላቸው" አሉኝ። ከጽዳት፣ ከጥበቃና ከአትክልት አርባ ሁለት ሰው ነው።

መጀመሪያ የመጡት አያ ታዘበው ነበሩ፣ የበሩ ጥበቃ። ብትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ።

"ሥራዎን በደስታ ነው የሚሠሩት?"

"ተመስገን።"

"አለቃዎ ያከብርዎታል?"

"ክብሩ ይስፋ፣ ተመስገን።"

"አያ ታዘበው፣ ቁጥር ነው የሚፈልጉት።"

"ቁጥሩን አንተ ታውቃለህ፣ የተማርክ ነህ። እኔ ተመስገን ብያለሁ።"

ሁሉም እንደዚያው ናቸው። በእኛ አገር ደህና ነህ ወይ ሲባል የታመመም ተመስገን ይላል፤ ቤቱ የተቃጠለበትም አመዱ ላይ ቆሞ ተመስገን ይላል። ቅሬታውን ሊያወጣ ቢፈልግ እንኳ መጀመሪያ አመስግኖ፣ ቆይቶ፣ ዙሪያ ዞሮ ነው። ወረቀቱ ግን ዙሪያ የሚዞር ሰው አይጠብቅም። መስመሯን አንብቤ መልሷን ከብቤ ወደሚቀጥለው ነው።

ወይንእሸት ስትመጣ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ደረስን።

"'የሥራ ቦታዬ ለጤናዬ ይስማማኛል።' ምን ልጻፍ?"

ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና "ተመስገን" አለች።

"ተመስገን ስንት ነው? ከአንድ እስከ አምስት ነው የሚሉት።"

"እንዴ! አንተ እግዜርን በስንት ነው የምታመሰግነው? በሦስት?"

ሳቅሁ። እሷም ሳቀች። ስትስቅ ቀኙ ዓይኗ ብቻ ነበር የሚስቀው፤ አይቼዋለሁ፣ አላየሁም አልልም።

"ዓይንሽስ ታዲያ?"

"ዓይኔማ ያመኛል። ግን ወረቀት ላይ አማርሬ ምን ላተርፍ? ሰኔም ሩቅ አይደለም። ጻፍ ይልቅ፣ የላብራቶሪው ጽዳት ይጠብቀኛል።"

አምስት ከበብሁ። ለአርባ ሁለቱም፣ በሃያውም ጥያቄ፣ አምስት። እጄ እስኪደክመው። የራሴ ወረቀት ላይ ስደርስ ደግሞ አመሌ ተነሣብኝ። "ተጨማሪ አስተያየት" በሚለው ባዶ ቦታ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ "የቢቸና ሠራተኛ ከሥራ ፍቅር የተነሣ ቅዳሜ ሲደርስ ያለቅሳል። የግቢያችንን ደስታ የሰማ አንድ ጅብ ከደን ወጥቶ የጥበቃነት ማመልከቻ አስገብቶ ነበር፤ ልምድ ቢኖረውም ክፍት ቦታ ባለመኖሩ በትሕትና ተመልሷል።" ስም ባይጻፍበትም የማን ወሬ እንደሆነ ቢቸናም ሞጣም ለመለየት አልተቸገሩም።

መጋቢት ላይ ውጤቱ መጣ። ቢቸና ከአምስት አራት ነጥብ ዘጠኝ። ሞጣ ሁለት ነጥብ ስምንት። ለእኛ በመስታወት የተገጠመ የምስክር ወረቀት ተላከልን። ሞጣዎች ደግሞ ዝቅ ብለዋልና ለጽዳት ሠራተኞቻቸው ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ማረፊያ ክፍል ተፈቀደላቸው። ከምስክር ወረቀቱ ጋር የመጣው ደብዳቤ ላይ "ከአራት በላይ ያመጡ ቅርንጫፎች በዘንድሮው የማሻሻያ ዕቅድ አይካተቱም" የሚል መስመር አለ። መተላለፊያው ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኋት።

ምስክር ወረቀቱ ዲኑ በር አጠገብ ተሰቀለ። በማግስቱ ወይንእሸት ስትወለውለው ደረስሁ።

"ምን ይላል አያ ባንቴ?"

"ደስተኞች ናችሁ ይላል።"

"ጓንቱስ?"

"ጓንቱ ለሞጣ ነው የተሰጠ።"

ጨርቋን አጥፋ ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። እኔ መስታወቱን አየሁት። ቀኝ ጎኑ እንደ ምንጭ ውኃ ይጠራል። ግራ ጎኑ ላይ አቧራው እንዳለ ነው፣ ጨርቅ አልነካውም። ወይንእሸት ደግሞ ሥራ የምትገድፍ ሴት አይደለችም።

ከዚያ የዲኑን በር አንኳኳሁ።

"ጌታዬ፣ ያ ቁጥር ልክ አይደለም። ሰዎቹ ተመስገን ነው ያሉት፣ አምስት ያልሁት እኔ ነኝ። የወይንእሸት ዓይን እየጠፋ ነው።"

ዲኑ ክፉ ሰው አይደሉም። ብዕራቸውን አስቀምጠው ተመለከቱኝና ፈገግ አሉ። "ባንተአምላክ፣ ጅቡስ በመጨረሻ ተቀጠረ?"

"ጌታዬ፣ ቀልድ አይደለም።"

"ያኔም ቀልድ አይደለም ብለህ ነው ስለ ባርኔጣው የነገርኸኝ።"

ሞጣ ስልክ ደወልሁ። ያነሣው ሰው ስሜን ሲሰማ ስልኩን በእጁ ሸፍኖ "የጅቡ ሰውዬ ነው፣ የጅቡ ሰውዬ!" ሲል፣ ቢሮው ሙሉ ሲስቅ ሰማሁ። ዕድሜዬን ሁሉ ሰው እንዲስቅልኝ ስደክም ኖሬ፣ ያን ቀን ሳቃቸው እንደ ኮሶ መረረኝ።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ግን ከሞጣ አንዲት ባለሙያ መጣች። ራዲያ ትባላለች። አያት ቅድመ አያቶቿ ሞጣ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ እሷ ስታቲስቲክስ ተምራ ዩኒቨርሲቲው ቀጠራት። መጠይቁን ያዘጋጀችው እሷ ናት። የመጣችውም የቢቸናን ደስታ ምሥጢር አጥንታ ለሌሎች ቅርንጫፎች ልታስተምር ነው። ከመኪና ሳትወርድ ነው የያዝኋት።

"ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ጅቡን የጻፉት?" አለችኝ። እሷም ልትስቅ ከንፈሯን ነክሳለች።

"እኔ ነኝ። አምስቶቹንም እኔ ነኝ።" ሁሉንም ነገርኋት፤ አቧራውን ሳይቀር።

ቁም ነገረኛ ልጅ ናት፣ አዳመጠችኝ። "ግን ጋሼ፣ በአንድ ሰው ቃል የአርባ ሁለት ሰው መልስ አልሰርዝም። ያውም በእርስዎ ቃል፤ አይቀየሙኝ። ራሳቸው ይንገሩኝ።"

ሠራተኛው አዳራሽ ተሰበሰበ። ዲኑ ከፊት ተቀመጡ። ራዲያ ሒጃቧን አስተካክላ በጥሩ አማርኛ ጠየቀች፦ "እባካችሁ ሳትፈሩ ንገሩኝ። በሥራችሁ ላይ ችግር አለ?"

"ተመስገን!" አሉ በአንድ አፍ።

ወይንእሸት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እሷም ብላለች። ራዲያ ዞራ አየችኝ። አሁን አልሳቀችም፤ እሱ ነው የባሰብኝ።

ያን ጊዜ አያ ታዘበው ብትራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

"ልጄ፣ ሰዉ አልዋሸሽም። አጠያየቅሽ ነው ያልሆነ። ዲኑ ፊት፣ ጎረቤት ፊት፣ ማን ተነሥቶ ከፋኝ ይላል? በአባቶቻችን ጊዜ በሬ ሲጠፋ አገሬው አውጫጭኝ ይቀመጥ ነበር። ሌባውን ያየ ሰው በአደባባይ አይናገርም። ለተመረጠ አንድ ሰሚ ብቻ ተደብቆ ይነግራል። ሰሚው ወጥቶ 'ወፌ እንዲህ ብላ ነገረችኝ' ይላል። ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም፤ የጠየቀ ይወገዛል። በሬው በዚያ ይገኝ ነበር።"

ራዲያ ትንሽ አሰበች። "ይሁን። ሰሚው ማን ይሁን?"

አያ ታዘበው ብትራቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። "ባንተአምላክ።"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዲኑም ሳቁ። "አያ ታዘበው፣ ከሰው ሁሉ እሱን?"

"ይህ ሰው ጅብ ሊያስቀጥር ይችላል፤ እሱን አውቃለሁ" አሉ አያ ታዘበው፣ ሳይስቁ። "ግን አሥር ዓመት ሙሉ ደብዳቤያችንን ያነበበልን እሱ ነው። የማን ልጅ እንደታሰረ፣ የማን ሚስት ፍቺ እንደጠየቀች ሁሉንም ያውቃል። እስከ ዛሬ አንዱን እንኳ ከሌላ ሰው አፍ የሰማ ካለ ይነሣ።"

ማንም አልተነሣም። ሳቁም እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

"ና ወዲህ" አሉኝ። "ማተብህን ያዝ። 'የሰማሁትን አልጨምርበትም፣ አልቀንስለትም' በል። አንዲት ቃል ከጨመርህ ከእድሩ ወጥተሃል፤ ስትሞት ቀባሪ የለህም።"

ማልሁ።

ከውኃ ታንከሩ በስተጀርባ ፊቴን ወደ ግንቡ አዙሬ ተቀመጥሁ። ሰሚ አይዞርም፣ አይናገርም። ሰዉ አንድ በአንድ ከኋላዬ እየመጣ ይናገርና ይሄዳል። ኪሴን በጠጠር ሞልቼ ነበር፤ የአንድን ሰው ጉዳይ በሰማሁ ቁጥር ጠጠር ለየጉዳዩ ለይቼ አስቀምጣለሁ።

የመጀመሪያው ድምፅ "እኔስ ተመስገን" አለ። ይኸው፣ እዚህም ተመስገን። ድምፁ ግን አልሄደም። ጉሮሮውን ጠራረገና "የወይንእሸት ዓይን ግን እየጠፋ ነው" አለ።

ሁለተኛው መጣ። "እኔ ምንም አልሆንሁ። ያቺ የላብራቶሪዋ ልጅ ግን በር እየሳተች ትጋጫለች።"

ሦስተኛው፣ "ለእኔ አይደለም፣ እኔ ደህና ነኝ። ባልዲዋን ሁለት ጊዜ ደረጃ ላይ ስትደፋ አይቻለሁ። አግዣት ዝም አልሁ።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ሰው ስለ ራሱ አፉን ቢፈለቅቁት አያማርርም። ስለ ጎረቤቱ ግን ሲያይ ነው የከረመው። እኛ በሃያ ጥያቄ አንድም ቦታ ላይ ጎረቤትህ እንዴት ነው ብለን አልጠየቅንም።

ጠጠሩ ተቆለለ። ከዚያ የማውቀው እርምጃ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ግንቡን በእጅ እየዳበሰ። ድምፁም የማውቀው ነው። ስሙን አልጠራም፣ ምያለሁ።

"እኔስ ተመስገን። አያ ታዘበው የሚቀመጡባት ቤት ግን በር የላትም። ብርዱ ጉልበታቸውን ጨረሰው።"

ልዞር ፈለግሁ። ስለ ዓይንሽ ተናገሪ፣ ስለ እግዜር ብለሽ ተናገሪ ልላት ፈለግሁ። ጥርሴን ነክሼ ግንቡን አየሁ።

"ደግሞ…" አለች፣ ሰሚው እኔ እንዳልሆንሁ ሁሉ፣ "ባንተአምላክ ከመጋቢት ወዲህ አይስቅም። በአምስቱ ራሱን እየበላ ነው። አምስቱን ያስጻፍነው እኛ ነን በሉልኝ።"

እርምጃው ግንቡን እየዳበሰ ራቀ። እኔ ጠጠሯን አስቀመጥሁ።

አዳራሽ ስመለስ ሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነው። ምላሴን ታውቁታላችሁ። ስለ ወይንእሸት ዓይን የተቆለለው ሃያ ዘጠኝ ጠጠር ለእኔ ትንሽ ቁጥር ነው። አርባ ሁለቱም አለቀሱ ብል፣ ውኃ ታንከሩ ራሱ አለቀሰ ብል ይምርልኝ ነበር፤ ራዲያም ትደነግጥ ነበር። አፌ ውስጥ ተሰልፈው ሲጋፉ ይሰማኛል። ማተቤን ያዝሁ።

"ወፌ ነገረችኝ" አልሁ። "ከአርባ ሁለት ሃያ ዘጠኙ የወይንእሸት ግራ ዓይን እየጠፋ ነው ብለዋል። ሰባቱ የጥበቃ ቤቱ በር የለውም ብለዋል። አምስቱ ሌላ ጉዳይ አላቸው፣ ለብቻ እነግራለሁ። አንዱ ምንም አላለም፤ መጥቶ ቆሞ ሄደ። ስለ ራሱ የተናገረ የለም። አንዲት ወፍ ደግሞ…" እዚህ ላይ ልተዋት አሰብሁ። አልቀንስም ብያለሁ። "አንዲት ወፍ 'ባንተአምላክ በአምስቱ ራሱን እየበላ ነው፤ ያስጻፍነው እኛ ነን' ብላለች። ጨረስሁ።"

የሳቀ የለም። ራዲያ ብዕሯን ይዛ ቀረች፣ መጻፉን ትታለች።

"እናቴም እንዲሁ ነበረች" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ስኳር እግሯን ሲበላት ስንጠይቃት አልሐምዱሊላህ ነበር የምትለን። የነገሩን ጎረቤቶች ናቸው።" ደብተሯን ዘጋች። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ሄዳ ወይንእሸት ፊት ቆመችና ጣቷን በግራ በኩል አነሣች። "እትዬ፣ ይህ ስንት ነው?"

ወይንእሸት አንገቷን አዙራ በቀኝ ዓይኗ ፈለገችው። ራዲያ ጣቷን ቀስ ብላ አወረደች።

ዲኑ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ነበር። "ከዛሬ ጀምሮ ላብራቶሪ አትገባም" አሉ። ወደ እኔም አዩ። ያን ዕለት ስለ ጅቡ አልጠየቁኝም።

በማግስቱ በራዲያ መኪና ሞጣ ሄድን፤ እሷ፣ ወይንእሸትና እኔ። ደብረ ወርቅን አልፈን ግንደወይን እስክንደርስ ወይንእሸት በቀኝ በኩል ያለውን ማሳ ስታይ ነበር። በግራ በኩል ያለውን እኔ አየሁላት፤ ሳልጨምር ነገርኋት፤ ለጤፍ የታረሰ ማሳ ነው፣ አንድ አህያ ቆማለች፣ ሌላ ምንም የለም። "ይኸው ብቻ?" አለችኝ። ይኸው ብቻ ነው አልኋት።

ሐኪሙ ረጅም ጊዜ መረመራት። ከዚያ እኔን ወደ ውጭ ጠራኝ፤ ወንድሟ መስዬው ነው። "የግራው አይመለስም። የቀኙም እየተነካ ነበር፤ ከላብራቶሪው ከወጣችና መድኃኒቱን ካልተወች ግን ይተርፋል።" ካርዷን እየጻፈ ጨመረ፦ "ጥር አካባቢ ብትመጣ ኖሮ ሁለቱንም እናድን ነበር።"

ጥር። ጥር ላይ ምን ስሠራ እንደነበር አውቀዋለሁ።

ራዲያ መድኃኒቱን ለማውጣት ተሰልፋለች። ወይንእሸት ከመተላለፊያው ጫፍ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ታጥፋለች። እርምጃዬን ለየችው።

"ምን አለ አያ ባንቴ?"

አጠገቧ ተቀመጥሁ። ወሎ የደረሰ ባርኔጣ የመለስሁ ሰው ነኝ። ለዚች ሴት አንድ ዓይን መመለስ ለአፌ ምን ይከብደው ነበር? "ይድናል፣ በፋሲካ ያያል" ብላት ትስቅልኝ ነበር። እስከ ፋሲካም ደስ ብሏት ትከርም ነበር።

"የግራው አይመለስም" አልኋት። "የቀኙ ይተርፋል። ጥር ላይ ብትመጪ ሁለቱም ይድኑ ነበር ብሏል። ያ የእኔ ጥፋት ነው።"

እጆቿ ነጠላው ላይ ቆሙ። ከመስኮቱ ውጭ የሞጣ ገበያ ሲንጫጫ ይሰማል። ከዚያ መዳፏን ግራ ዓይኗ ላይ አደረገች፣ መልሳም አነሣችው፤ ልዩነት እንደሌለው ያወቀችው ያን ጊዜ መሰለኝ።

"ተመስገን" አለች።

ስንት እንደሆነ አልጠየቅኋትም።